ካልሲሽን አይተሽ ውጪ

ሚጡዬ፣ ትናንት ማታ «ቅዳሜ ታካያማ ልሄድ ነው፤ ሙዚየም የሆነ የድሮ የቤተሰብ ቤት አለ አሉኝ» ስትይኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ካልሲሽ ደህና ነው?» የሚል ነበር። ሳቅሽብኝ። ሳቂ፣ ግን የምሬን ነው። በሩ ላይ ጫማሽን ታወልቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ በሰው ቤት የምትዘዋወሪው በካልሲሽ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት በቀዳዳ አንገቷን አውጥታ ቤቱን አብራኝ ጎበኘች። ትኬት የምትቆርጠዋ እናት አይታ እንዳላየች ሆነች። እኔ ግን ያን ሁሉ ጉድ ያየሁት አንድ ዓይኔን ጣቴ ላይ ተክዬ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የተመለስኩት ለዚሁ ነው ብልሽ ብዙም አልዋሽሁም።

ስለዚህ ያልተቀደደ፣ ወፍራም ካልሲ። ታካያማ ተራራ መሃል ያለች ከተማ ናት፤ ናጎያ ላይ ገና ሹራብ ሳያስፈልግሽ እዚያ ወለሉ እግር ይቆርጣል። የድሮ የጃፓን ቤት ከብርዱ ይልቅ ለሙቀቱ ወራት ታስቦ የሚሠራ ነው። የክፍሉ መለያ ግድግዳ ሳይሆን የወረቀትና የእንጨት ተንሸራታች በር ስለሆነ ነፋሱ እንደ ቅርብ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል። ያንን እስከ ባትሽ የሚታሰር ቡትስሽንም ተዪው። ከኋላሽ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ማሰሪያ መፍታት የመሰለ ላብ የሚያወጣ ሥራ የለም።

ከናጎያ «ሂዳ» የሚባለውን ፈጣን ባቡር ያዢ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሐዲዱ ወንዝ ለወንዝ፣ ገደል ለገደል ስለሚሄድ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ታካያማ ስትወርጂ ሰው ሁሉ ወደ ሳንማቺ ይጎርፋል። የሳኬ ጠማቂዎችና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የተደረደሩበት የድሮ ሰፈር ነው፤ ያምራል፣ ግን ቅዳሜ ቀን መርካቶ በይው። አንቺ ወደ ሰሜን ቀጥዪና ኤናኮ የምትባለዋን ትንሽ ወንዝ ተሻገሪ። ድልድዩን እንዳለፍሽ ግርግሩ ከኋላሽ ይቀራል። ሰፈሩ ኦጂንማቺ ይባላል፤ ሁለት ጠቆር ያሉ ትልልቅ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ታያለሽ። አንዱ የኩሳካቤ፣ አንዱ የዮሺጂማ ነው። የመጣሽው ለኩሳካቤ ነው። ከመነሳትሽ በፊት የሚዘጋበትን ቀን አጣሪ፣ ጥሬ ገንዘብም ያዢ፤ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሙዚየሞች በሳምንቱ መሃል ድንገት ዝግ ሆነው ያስቀራሉ።

ደጃፉ ላይ ስትደርሺ ቅር ይልሻል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግንባሩ በቀጫጭን የእንጨት ፍርግርግ የተሸፈነ፣ ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ጥቂት ገዘፍ የሚል ቤት፤ በቃ። «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት?» ትያለሽ። አትግቢ ገና። እዚያው መንገዱ ላይ ቁሚና ዝቅታውን እዪው።

ዝቅታው ከድህነት የመጣ አይደለም። ታካያማን ጨምሮ የሂዳ አገር እ.ኤ.አ. ከ1692 ጀምሮ በአካባቢ መስፍን መተዳደሩ ቀርቶ በቀጥታ ኤዶ ላይ በተቀመጠው በቶኩጋዋ መንግሥት እጅ ገባ። መንግሥቱ ዓይኑን የጣለው በደኑና በማዕድኑ ላይ ነበር። የኩሳካቤ ቤተሰብ ለዚህ አስተዳደር ባለሟል የሆነ ነጋዴ ነው፤ ገንዘብም ያበድር ነበር። ግን ነጋዴ የፈለገውን ያህል ቢከብር በዚያ ዘመን የደረጃ ሰንጠረዥ ከሳሙራይም፣ ከገበሬም፣ ከእጅ ባለሙያም በታች ነው። በመንገድ በኩል ቤቱን ከፍ አድርጎ መሥራት አይችልም፤ ከፎቁ ላይ ሆኖ የሚያልፈውን ሳሙራይ ቁልቁል እንዳያይ። ሂኖኪ የሚባለውን ምርጥ የጥድ ዘርም ለቤቱ መጠቀም ክልክል ነበር። አስቢው፤ በደን ተከበሽ ትኖሪያለሽ፣ ከደኑ ግን ምሰሶ መቁረጥ አትችይም።

በ1868 ያ መንግሥት ወደቀ። በ1875 ሰፈሩን እሳት በላው፤ የኩሳካቤም ቤት አብሮ ነደደ። በ1879 አሁን የምታይው ቤት ተሠራ፤ አናጺው ካዋጂሪ ጂሱኬ ይባላል። ልብ በይ፣ ክልከላው ከተነሳ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገንዘብ አለ፣ እንጨት አለ፣ ከልካይ የለም። ሆኖም መንገደኛ የሚያየው ግንባር እንደ ድሮው ዝቅ እንዳለ ተሠራ። ልማድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ብልጠትም አለበት እላለሁ፤ እናታችን ብታየው ደግሞ «ከሰው ዓይን ሸሽገውት ነው» ብላ ነገሩን ትዘጋው ነበር።

አሁን ግቢ። ጫማሽን ከማውለቅሽ በፊት የምትቆሚበት ቦታ የተደለደለ የአፈር ወለል ነው፤ «ዶማ» ይሉታል። የኛ ዶማ አይደለም፣ ከመሬት ጋር መገናኘቱ ግን አንድ ያደርጋቸዋል። እዚያ ላይ ቆመሽ ቀና በይ።

እዚህ ጋ ነው የማይቸኮለው። ኮርኒስ የለም። ከራስሽ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ባዶ ነው፤ ባዶውን ደግሞ የሚያቋርጡት ግንዶች ናቸው። ከታች ወፋፍራም ምሰሶዎች ይነሳሉ፣ በላያቸው የፓይን ግንድ በቁመቱ ሳይቆራረጥ ይጋደማል፣ በግንዱ ላይ አጫጭር ቋሚዎች፣ በነዚያ ላይ እንደገና አግዳሚ፣ እንዲህ እየተደራረበ እስከ ላይ። ከፍ ካለች መስኮት ብርሃን ይገባና ከአንዱ እንጨት ወደ አንዱ ይወርዳል። በደመናማ ቀን ከሄድሽ መጀመሪያ ምንም አይታይሽም፤ ቆይ በይ። ዓይንሽ ሲለምድ ግንዶቹ አንድ በአንድ ከጨለማው ይወጣሉ። የእንጨቱ ቀለም ጥቁር ይመስላል፣ ጠጋ ብለሽ ስታይው ግን ከሥሩ ቀይ አለው። እዚያ አገር እንጨት የሚቀቡት ቀይ የብረት ዝገት ቀለምና ጥላሸት ቀላቅለው ነው።

ይህን ያየ ሰው «ማን ሠራው?» ማለቱ አይቀርም፤ መልሱ ረጅም ነው። የሂዳ አናጺዎች ስማቸው የታወቀው ከ1,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ተራራማው አገራቸው ብዙ ሩዝ አይሰጥም፤ ስለዚህ መንግሥት ግብር ቀነሰላቸውና በምትኩ ሰው እንዲልኩ አደረገ። ከየሃምሳው ቤት አሥር አሥር ሰው እየተመረጠ ወደ ዋና ከተማው ሄዶ ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ይሠራ ነበር። ግብራቸው እጃቸው ነበር ማለት ነው። አንዳንዱ ሳይመለስ እዚያው ቀርቷል፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ተፈልጓል። የካዋጂሪ እጅ ከዚያ ሁሉ ትውልድ በኋላ የመጣ ነው። ቤቱ በ1966 በአገር ደረጃ ዋና ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ ከ1868 በኋላ በመጣው በሜጂ ዘመን ከተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ለመመዝገብ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

እሺ፣ አሁን ጫማ። አውልቀሽ ስትወጪ ፊትሽን ወደ ቤቱ አድርገሽ ውጪ፤ ከዚያ ዞር ብለሽ ጎንበስ በዪና ጫማሽን አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሪው። ጀርባሽን ለቤቱ ሰጥተሽ እያወለቅሽ ወደ ኋላ መውጣት ጠቢብ ያስመስልሻል፣ ግን ነውር ነው። በእንጨት ወለል ላይ ነጠላ ጫማ ከሰጡሽ አድርጊው፤ ታታሚ ላይ ስትደርሺ ግን ትተሽው ግቢ። ታታሚውን ወፍራም ሰሌን በዪው፤ ዳር ዳሩን በጨርቅ የተቀመቀመ ነው። ቅምቅማቱን አትርገጪ። የተንሸራታቹን በር ደፍም አትርገጪ፣ ተሻገሪው። ደፉን ስትሻገሪ ደግሞ ጉበኑን አስታውሺ። የድሮ ቤት ጉበን ከአንድ ሜትር ከሰባ አምስት ብዙም አይበልጥም፤ አንቺ በአባታችን ወጥተሻል። ወደ ታች ደፍ፣ ወደ ላይ ጉበን፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጠንቀቅ ያስቸግራል፣ ግን ሰው በር ላይ ጎንበስ ማለትን የሚማረው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር አደራ። እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ከወለሉ በአንድ እርከን ከፍ ያለ፣ ሥዕል የተሰቀለበት፣ ምናልባት አንድ አበባ የቆመበት ጠባብ ጥግ ታያለሽ። ቶኮኖማ ነው። መደርደሪያ ይመስላል፤ አይደለም። እኔ ናጎያ እንደመጣሁ አንድ ቤተሰብ ምሳ ጠርቶኝ የተሸከምኩትን ቦርሳ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እርጥብ ጃንጥላዬን፣ ቶኮኖማው ላይ ዘርግፌ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም። የቤቱ አባት ብቻ ቀስ ብለው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ቦርሳዬን አንሥተው ከጎኔ አስቀመጡልኝና ስለ ኢትዮጵያ ቡና ጠየቁኝ። ጥፋቴ የገባኝ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ብቻሽን ክፍልሽ ውስጥ ማፈር ምን እንደሆነ እንዳትማሪው ብዬ ነው።

ከዚያ ምድጃው። ኢሮሪ ይባላል፤ ወለሉ ውስጥ የተቆፈረ አራት ማዕዘን፣ አመድ የሞላበት። ከላይ ከአግዳሚው ማንጠልጠያ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ማንቆርቆሪያ ይሰቀላል፤ ማንጠልጠያውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው እንጨት ብዙ ጊዜ በዓሣ ቅርጽ የተጠረበ ነው። ዓሣ የውኃ ነው፣ ውኃ እሳትን ይገታል ብለው። ከእሳት ጋር በእንጨት ቤት መኖር ሲባል እንዲህ ዓይነት ማሳሰቢያ ዓይን ፊት መስቀል ያስፈልጋል መሰለኝ። ጢሱ የሚወጣበት የተለየ መንገድ የለውም፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ነቀዝና ምስጥ እንዳይቀርበው ያደርገዋል። ይህን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የአያታችን ጎጆ ጣሪያ ለምን እንደዚያ ያብለጨልጭ እንደነበር ታውቂያለሽ።

እዚያ ምድጃ ዳር ተቀመጪ። ተንበርክኮ መቀመጡ ካቃተሽ እግርሽን ወደ ጎን አጥፈሽ ተቀመጪ፣ ማንም አይታዘብሽም። ተቀምጠሽ አራቱን ጎኖች ቁጠሪ። ምክንያቱም በድሮው ሥርዓት እያንዳንዱ ጎን ባለቤት አለው። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ጎን ዮኮዛ ይባላል፤ የአባወራው ነው። ሌላ ማንም አይቀመጥበትም፤ ከተቀመጠ ድመት ነው፣ ወይ ሞኝ፣ ወይ መነኩሴ ይባል ነበር። ከጎኑ የእመቤቲቱ ቦታ፣ ከእሷ ትይዩ የእንግዳ። አራተኛው ኪጂሪ ይባላል፤ «የእንጨቱ ጭራ» እንደማለት። ረጅሙ ማገዶ ከምድጃው ተርፎ የሚወጣበት ጎን ነው። ጢሱ የሚመጣው ወደዚያ፣ ከበሩ የሚገባው ብርድ ከጀርባ። እዚያ የሚቀመጡት አገልጋዮችና አዲሷ ሙሽራ ናቸው። የቦታዎቹ ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ ሙሽራዋ የምትቀመጥበት ግን ብዙም አይለያይም።

እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ከኪጂሪው በኩል ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆነሽ ቤቱን ስታይው ሌላ ቤት ነው። ግንዶቹ ሳይሆኑ ወለሉ ነው የሚታይሽ። ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ የመስኮቱ ብርሃን ወድቆበት ውኃ የፈሰሰ ይመስላል። ይህ ብርሃን ቀለም አይደለም፣ ቫርኒሽም አይደለም። አጠገቤ አንዲት አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበርና በዚያ በተሰበረ ጃፓንኛዬ «ወለሉን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ሁለት መዳፋቸውን አጣምረው ወለሉ ላይ አሳረፉ፣ ወገባቸውን ወደ ላይ አነሡና ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ፊት ተንደረደሩ። ልጅቷ አፏን ይዛ ሳቀች። በቃል የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጨርቅ የተቋጠረ የሩዝ ፉርሽካ። የፉርሽካው ዘይት እየወጣ እንጨቱን ያጠግበዋል። በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በሙሽርነትሽ ጀምረሽ ምራት እስክታመጪ ድረስ።

የአናጺው ስም በጽሑፍ አለ። ሊኖርም ይገባዋል፣ እጁ ይባረክ። የወለሉ ግን የለም። እኛ አገር ጃፓን ሲባል ከቶዮታ ቀጥሎ የሚመጣው ካይዘን ነው፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ያልሠለጠነ መሥሪያ ቤት የለም፣ እኔም ሁለት ጊዜ ሠልጥኛለሁ። ከአምስቱ «ማ»ዎች አንዱ ማጽዳት ነው። ማን እንደሚያጸዳ የነገረኝ አሠልጣኝ ግን አላጋጠመኝም። ታካያማ ላይ አንዲት አያት በሁለት እርምጃ ነገሩኝ።

ከኋላ በኩል የዕቃ ቤቶቹ አሉ፤ ግድግዳቸው በጭቃና በኖራ ተደራርቦ የተለሰነ ነው፣ ውፍረቱን በሩ ላይ ቆመሽ በክንድሽ ለኪው። ሰፈሩ ሲቃጠል የነጋዴ ሀብት የሚተርፈው እዚያ ውስጥ ነው። አሁን የቤተሰቡ ዕቃዎችና የእጅ ሥራዎች ይታዩበታል፤ ሸክላ፣ ላከር የተቀባ ሣጥን፣ ሙሽራ ይዛው የምትመጣው ዕቃ። የቤቱ የአሁኑ ስም «ኩሳካቤ ሚንጌይካን» ነው፤ ሚንጌይ የሚለው ቃል «የሕዝብ የእጅ ጥበብ» ከሚል ሐረግ ያጠረ ነው። ቃሉን በ1925 ያወጡት ያናጊ ሶኤትሱና ሁለት ሸክላ ሠሪ ወዳጆቹ፣ ሃማዳ ሾጂና ካዋይ ካንጂሮ ናቸው። ያናጊ የሚለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ስሙ የማይታወቅ ሰው ለየዕለት አገልግሎት ብሎ የሠራው ሳህን፣ ለዕይታ ተብሎ ከተሠራው ይልቅ ውበት አለው። በ1936 ቶኪዮ ኮማባ ላይ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሙዚየም ከፈተ። እነዚያን ሸክላዎች ሳይ የእኛ ጀበና ሠሪዎች ትዝ አሉኝ፤ የስንቷን ስም እናውቃለን?

ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ፣ ግን ትንሽ እከራከረዋለሁ። የአበዳሪ ነጋዴ ቤት «የሕዝብ ጥበብ» ተብሎ ሲሰየም ሕዝቡ ምን እንደሚል መስማት እፈልግ ነበር። ደግሞም ስም የለሽነት የሚያምረው ስም ላለው ሰው ነው። የሆነ ሆኖ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ብዙ አትቆዪ። መስታወት ውስጥ ያለ ዕቃ ናጎያም ታያለሽ፤ ምድጃውና ወለሉ ግን እዚህ ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ቤቱን እንደ ኮሪደር አልፎ ዕቃውን ለማየት ይሮጣል። በእኔ ጊዜ ሻይና አንድ ሴንቤይ ይሰጡ ነበር፤ ሴንቤይ የሩዝ ቂጣ ብስኩት ነው፣ ሲነከስ ይጮሃል። ከሰጡሽ እዚያው ተቀምጠሽ ብዪ፣ እየሄድሽ አትብዪ።

ጎረቤቱ የዮሺጂማ ቤት ክፍት ከሆነ ግቢበት። የሳኬ ጠማቂ ቤተሰብ ነው፤ በ1905 ከተነሣ ሌላ እሳት በኋላ በ1907 ኒሺዳ ኢሳቡሮ የሚባል አናጺ ሠራው። ግንዶቹ ቀጠን ያሉ፣ ብርሃኑ የተትረፈረፈ ነው። አስጎብኚ ሁሉ ኩሳካቤ «ወንድ ቤት»፣ ዮሺጂማ «ሴት ቤት» ይላል። ስሚና እለፊው። ያ ወለል ያበራው በሴት ጉልበት ከሆነ የትኛው ቤት ነው የወንድ?

እሑድም ካለሽ ወደ ሺራካዋጎ አውቶቡስ አለ፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ኦጊማቺ የሚባለው መንደር በ1995 በዩኔስኮ የተመዘገበው በጣሪያዎቹ ነው፤ ለጸሎት የተጋጠሙ እጆች ይመስላሉ፣ ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ቁልቁለታቸው ስልሳ ዲግሪ ገደማ ነው፣ በረዶው እንዳይከመርባቸው። የዋዳን ቤት እዪ፤ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ጣሪያ ሥር ባሉት ፎቆች የሐር ትል ያረቡ ነበር፣ የምድጃው ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ያሞቃቸዋል፤ ከወለሉ በታች ደግሞ ለባሩድ የሚሆን ጨው ከአፈርና ከትሉ ኩስ ያወጡ ነበር። ሣሩ ሲያረጅ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ በአንድ ሁለት ቀን ይከድነዋል፤ «ዩኢ» ይሉታል፣ አንቺ ደቦ በዪውና ጨርሺ። ግን ዋዳ ቤት ውስጥ ቤተሰቡ አሁንም በአንድ ወገን ይኖርበታል። የተዘጋ በር ካየሽ ተዘግቷል ማለት ነው። አንድ ፈረንጅ ከፍቶ ፎቶ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማ ነበር።

ወደ ታካያማ እንመለስ። ስትገቢ «ኦጃማሺማስ» በዪ፤ «ላስቸግር ነው» እንደማለት ነው፣ ሰው ቤት ሲገባ የሚባል። ሙዚየም ውስጥ ግድ አይደለም፣ ግን ስትዪው ትኬት የሚቆርጠው ሰው ፊት ይለወጣል። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ። ምሰሶ ላይ አትደገፊ። በደረጃው ስትወርጂ ቦርሳሽን ከጀርባሽ ወደ ፊት አዙሪው፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ የኋላ ቦርሳ የወረቀት በር ይቀድዳል።

ጠዋት ቀድመሽ ከደረስሽ ሚያጋዋ ወንዝ ዳር ገበያ አለ፣ እስከ እኩለ ቀን ነው። የገጠር እናቶች ቃሪያና ኮምጣጤ የገባበት አትክልት ይሸጣሉ፤ ከነሱ መሃል ሳሩቦቦ የምትሸጥ አታጪም። ቀይ የጨርቅ አሻንጉሊት ናት፣ እጅና እግሯ የሾለ፣ ፊት የሌላት። ድሮ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሚያገቡ ሴት ልጆቻቸውም ይሠሩላቸው ነበር፤ ትዳር እንዲሠምር፣ ወሊድ እንዲቀል። ለእኔ አታምጪ፣ ሁለት አለኝ። ለእናታችንም አታምጪ፤ ያለፈውን የሰጠኋት ዕለት ገልብጣ ገልብጣ አይታ «ፊቷን ረስተውት ነው» አለች። አሁን በጥቁር ክር ዓይንና አፍ ተሰፍቶላት ቡፌው ላይ ተቀምጣለች።